ጨርቁ ስለ ወተቱ ምን ይላል?

ጓደኞቼ ሁለተኛ ልጅ ሲያረግዙ ሁለት ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። «የመጀመሪያው ልጅ የጨርቅ ዳይፐር ለዚህኛው ይሆናል ወይ?» ይሉኛል። ሌላ ቀን ደግሞ «ባለፈው ወተቴ አልበቃ ብሎ ነበር፤ አሁንስ?» ይሉኛል። ለእኔ ግን ሁለቱ አንድ ጉዳይ ናቸው። ጡት የሚጠባ ሕፃን ምን ያህል ወተት እንደወሰደ ቤት ውስጥ ሊለካ የሚችል ሰው የለም። ማየት የሚቻለው በሌላው በኩል የሚወጣውን ነው። ጨርቁ የወተቱ ቆጣሪ ነው በሉት። ወተቱም ውለታውን ይመልሳል፤ የጨርቁን እጥበት ያቀላል። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ደስ ከሚለው ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ2001 «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ አንድ የእንግሊዝ ጥናት አለ። አጥኚዎቹ የ22 እናቶችን ወተት በመጀመሪያ ልጃቸውም በሁለተኛውም ጊዜ ለኩ። በተወለደ በሳምንቱ፣ ሁለተኛው ልጅ ያገኘው ወተት የመጀመሪያው ካገኘው በአማካይ በ31 በመቶ በልጦ ተገኘ። በጣም የጨመረላቸው ደግሞ መጀመሪያ ላይ እጅግ ትንሽ ወተት የነበራቸው እናቶች ናቸው። 22 እናት ጥቂት ነው፣ ልክ ናችሁ። ግን አዋላጆች በየቀኑ ከሚያዩት ጋር ይገጥማል፤ ለሁለተኛው ልጅ ወተቱ ብዙ ጊዜ ቶሎ ይወርዳል። ስለዚህ «ባለፈው አልሆነልኝም» ብላ ገና ሳትወልድ የዱቄት ወተት ለምታከማች ጓደኛችሁ ይህን ንገሯት።

አሁን ደግሞ የሚያስደነግጠውን ልንገራችሁ። ሁለተኛ ልጅ የወለደች አራስ ሕፃኑን ገና ጡት ስታስይዘው ሆዷን ይቆርጣታል፤ አንዳንዷን ምጥ የተመለሰባት እስኪመስላት ድረስ። በመጀመሪያው ልጅ እንዲህ ስላልነበረ ገንፎው ተጣላኝ የምትል አለች። ገንፎው ምንም አላደረገም። ልጁ ሲጠባ ኦክሲቶሲን የሚባለው ሆርሞን ይመነጫል። እሱ ነው ወተቱን ወደ ውጭ የሚገፋው፣ እሱው ነው ማኅፀንንም የሚያኮማትረው። አንድ ጊዜ ተለጥጦ የተመለሰ ማኅፀን ለሁለተኛ ጊዜ ሲኮማተር ቁርጠቱ ይበረታል። ማኅፀኑ እየተሰበሰበና ደሙ እየቀነሰ ስለሆነ ቁርጠቱ ክፉ አይደለም፤ በጥቂት ቀናትም ይለቃል። ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ ወይም የሚያጥለቀልቅ ደም ካለ ግን ያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም።

ልምድ ያላት እናት የምትሰናከልበት ሌላም ቦታ አለ፤ አያያዙ ላይ። እጇ የሚያስታውሰው ትልቁን ልጅ ነው፤ ሮጦ መጥቶ፣ ጭኗ ላይ ወጥቶ፣ ልብሷን ራሱ ገልጦ ይጠባ የነበረውን። አዲሱ አንገቱን እንኳ አይችልም። ስለዚህ ከሀ ጀምሩ። የሕፃኑን ሆድ ከሆዳችሁ ጋር አጋጥሙት፤ አፍንጫው ከጡቱ ጫፍ ትይዩ ይሁን። አፉን በደንብ እስኪከፍት ጠብቁትና ወደ ጡቱ አምጡት እንጂ ጡቱን ወደ እሱ አትጎትቱ። አገጩ ቀድሞ ጡቱን ይንካ። ጫፉን ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን ያለውንም ጠቆር ያለ ክብ አብሮ መጉረስ አለበት። መጥባት ሲጀምር የጡት ጫፍ ሕመም ብቅ ብሎ የማይጠፋ ከሆነ አያያዙ ተበላሽቷል ማለት ነው። ትንሿን ጣት በአፉ ጥግ አስገብታችሁ አላቅቁትና እንደገና ሞክሩ። «ሁለተኛዬ እኮ ነው» ብሎ ጥርስ ነክሶ መቻል የጡት ጫፍ ከማቁሰል በቀር የሚያተርፈው የለም።

ወደ ቆጣሪው እንመለስ። በመጀመሪያው ቀን ቢያንስ አንድ እርጥብ ጨርቅ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው ሦስት ይጠበቃል። ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ስድስትና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ሰገራውም ቀለሙን እየቀያየረ ይናገራል። መጀመሪያ ጥቁርና የሚያጣብቅ ነው፤ ቀጥሎ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ብጫ፣ ልልና ትንንሽ ፍሬ ያለው ይሆናል። ጥቁሩ ከአምስተኛው ቀን በኋላም ካልለቀቀ ልጁ በቂ ወተት እየገባለት ላይሆን ይችላል።

ነጭ ጨርቅ ከሚጣለው ዳይፐር የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው። የሚጣለው ዳይፐር ውስጥ ያለው ዱቄት ሽንቱን መጥጦ ጄል ያደርገዋል፤ ትንሽ ሽንት ከሆነ መሽናቱንም አታውቁም። አቡጀዲ ግን ምንም አይደብቅም። ደማቅ ብጫ ሽንት ካያችሁ ፈሳሽ አንሶታል። ሸክላ የሚመስል ቀላ ያለ ምልክትም ልታዩ ትችላላችሁ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ብዙም አያሳስብም፤ ከዚያ በኋላ ከቀጠለ ግን ልጁ መመዘን አለበት። ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ ከእናቷ ሆርሞን የተነሣ ጥቂት ደም መሰል ነገር ጨርቋ ላይ ሊታይ ይችላል፤ ይህ የተለመደ ነው። ክብደቱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ መቀነሱም ያለ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ግን የተወለደበት ላይ መመለስ ይኖርበታል። ሁለተኛ ልጅ ላይ ይህን ቁጥጥር የመዝለል ፈተና አለ፤ ቤቱ በትልቁ ልጅ ጫጫታ ተይዟል፣ እናትም «አውቀዋለሁ» ትላለች። ጸጥ ብሎ የሚተኛ ሕፃን ሁሉ የጠገበ አይደለም። ዝም ብሎ የሚደክምም አለ።

ቆጣሪው አነስ ካለ መድኃኒቱ ብዙውን ጊዜ ቶሎ ቶሎ ማጥባት ነው፤ በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ ሌሊቱንም ጨምሮ። ጡት ወተቱ ሲከማችበት ሥራውን ያቀዘቅዛል፤ ሲራገፍለት ይፈጥናል። ግራና ቀኙ እንኳ ለየራሳቸው ነው የሚሠሩት። በመካከል የሚሰጥ የስኳር ውኃ፣ የአብሽ ውኃ ወይም የሚላስ ቅቤ ሆዱን ስለሚይዘው መጥባቱ ይቀንሳል፤ ጡቱም ያን ያህል ብቻ እንደሚፈለግ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት መሠረት 73 በመቶ የሚሆኑ ሕፃናት በተወለዱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይጀምሩ ነበር። ከስድስት ወር በታች ካሉት ጡት ብቻ የሚጠቡት ግን 58 በመቶ ነበሩ። አጀማመራችን ያምራል፤ የምንሰናከለው መንገድ ላይ ነው። እንገሩንም አታስደፉ። ያ ብጫ፣ ወፍራም፣ ጠብታ የምታህል ነገር የልጁ የመጀመሪያ መከላከያ ናት። እናንተ ደግሞ አጥሚቱን ጠጡ፤ ውኃ ይተካል፣ ጉልበት ይሰጣል። ወተት የሚያመጣው ግን ከሁሉ በፊት የልጁ መጥባት ነው።

አሁን ወደ ሳፋው። ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን ሰገራ በውኃ ይሟሟል። ሽታውም ቀላል ነው። በቀዝቃዛ ውኃ አንዴ ለቅለቅ ካደረጋችሁት ቀጥታ ወደ እጥበት ይገባል። ውለታውን ይመልሳል ያልኳችሁ ይህንን ነው። ስድስት ወር ሞልቶት ገንፎ ሲጀምር ታሪኩ ይለወጣል፤ ያን ጊዜ መጀመሪያ ሽንት ቤት ማራገፍ ግድ ነው። የሚያስቸግረው የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥቁር ሰገራ ነው። ለእሱ ከአሮጌ ነጠላ የተቀደደ ስስ ጨርቅ ከላይ አንጥፉና ጣሉት። ወይም ለጥቂት ቀናት የሚጣለውን ዳይፐር ተጠቀሙ፤ ኃጢአት አይደለም።

ቀጥሎ ለስድስት ወር ያህል የሚያገለግል መላ፦ ቀድሞ በቀዝቃዛ ውኃ፣ ከዚያ በሙቅ ውኃና በበቂ ኦሞ፣ በመጨረሻ ሳሙናው ጨርሶ እስኪለቅ ማለቅለቅ። ማለስለሻ አታድርጉ፤ የጨርቁን ክር ስለሚሸፍነው ሽንት አይመጥም። ቫዝሊንም እንዲሁ ነው፤ መቀባት ካለባችሁ በቆዳውና በጨርቁ መካከል ስስ ነገር አድርጉ። ፀሐይ ደግሞ የብጫውን ምልክት ታነጣለች፣ ያውም በነፃ። አዲስ አበባ ውስጥ ውኃ በተራ ለሚመጣለት ሰፈር ሮቶው ወሳኝ ነው። ሃያ አራት ያህል ጨርቅ ካላችሁ ሁለት ቀን ታዘልቃላችሁ፤ ውኃው ከዚያ በላይ የሚጠፋ ከሆነ ቁጥሩን ጨምሩ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ወፍራሙ ዳይፐር ቶሎ አይደርቅም። ያኔ እናቶቻችን ይጠቀሙበት የነበረው፣ የሚታጠፈው አራት ማዕዘን አቡጀዲ ያሸንፋል፤ ስስ ስለሆነ ቤት ውስጥ ገመድ ላይም ይደርቃል። ለአራስ ልጅ ሰውነትም የሚስማማው እሱ ነው። ባለቁልፉ ዳይፐር ከሦስት ኪሎ ተኩል በታች ለሆነ ሕፃን ብዙ ጊዜ ይሰፋዋል።

ከመጀመሪያው ልጅ የተረፈውን ስታወጡ ላስቲኩን ጎትቱት፤ ካልተመለሰ ልብስ ሰፊ ይቀይርላችሁ። የሽፋኑን የውስጥ ንጣፍ ወደ ብርሃን አድርጋችሁ እዩ፤ ከጨርቁ ተላቆ ካበጠ ያፈስሳል። ጨርቁ ላይ ትንሽ ውኃ ጣል አድርጉ፤ ጠብታው ተንከባሎ ከሄደ አሮጌ ሳሙና ወይም ቅባት ይዟል። ያለ ሳሙና በሙቅ ውኃ ደጋግማችሁ እጠቡት።

አሁን የምነግራችሁን ግን በደንብ ስሙኝ። ሻንጣው ውስጥ ናፍታሊን ጥላችሁበት ከነበረ ጨርቁንም ልብሱንም እንዲሁ አታልብሱት። የናፍታሊን ሽታ ጨርቅ ውስጥ ይቀራል፤ በትንፋሽም በቆዳም ወደ ሕፃኑ ይገባል፤ ቀይ የደም ሕዋሱን ያፈርሳል። በተለይ ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም የሚያንሳቸው ልጆች በዚህ ምክንያት ክፉኛ ቢጫ ይሆናሉ። እንዲህ የታመሙም የሞቱም አራስ ሕፃናት በሕክምና መዛግብት አሉ። ይህ የኢንዛይም እጥረት በአፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ የተለመደ ነው፤ ልጁ ይኑረው አይኑረው ደግሞ ሲወለድ በዓይን አይታወቅም። ሰውነቱ ቅባት የተቀባ ከሆነ የባሰ ይገባዋል። ስለዚህ ዕቃ ስታስቀምጡ ያለ ናፍታሊን፤ የሸተተውን ደግሞ ለአራስ ልጅ ጨርሶ አትጠቀሙበት።

ጨርቁ ለሁለተኛ ልጅ መዋሉ ከገንዘቡም በላይ ይቆጠራል። የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ጥናት፣ በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ የሚጣለው ዳይፐር ወደ 550 ኪሎ፣ የጨርቁ ደግሞ ወደ 570 ኪሎ የካርቦን ልቀት ነበራቸው። ጨርቅ ወዳዶች ደነገጡ። ግን ማሽኑ ሞልቶ ከታጠበ፣ ውጭ ገመድ ላይ ከተሰጣና ለሁለተኛ ልጅ ከዋለ የጨርቁ በ40 በመቶ ይቀንሳል። እኛ ጋ ማድረቂያ ማሽን ያለው ስንት ሰው ነው? ከሦስቱ ነጥብ ሁለቱን ሳናስብ እንፈጽማለን። አሜሪካ ያሉት እህቶቼ ግን በረንዳ ላይ ልብስ ማስጣት የሚከለክል አፓርትመንት ውስጥ ሆነው ይቀኑብናል።

ትልቁ ልጅስ? ገና እየጠባ ከሆነና እርግዝናው ጤናማ ከሆነ በብዙው ሁኔታ ማስጣል ግድ አይደለም፤ «የእርጉዝ ወተት ያሳምማል» የሚባለውም መሠረት የለውም። እርግዝናው ሲገፋ ወተቱ ይቀንሳል፣ ጣዕሙም ይለወጣል፤ ብዙ ልጅ ራሱ ይተወዋል። ከወሊድ በኋላ ሁለቱም የሚጠቡ ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቅድሚያ ለአራሱ፣ እንገሩ የእሱ ነው። ጡት የተወውም ቢሆን በቅናት ልጥባ ሊል ይችላል። አትቆጡት፤ አብዛኛው አንድ ጊዜ ሞክሮ፣ አጠባቡ ጠፍቶት ይስቃል።

ይህን ሁሉ እጥበት ማን ያግዛል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ፈቃድ ይሰጣል፤ ለአባት ሦስት ቀን ብቻ። ስለዚህ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊል ለሚመጣ ዘመድ ሳፋውን አሳዩት፤ አራሷ ታጥባ፣ እሱ ይጠብ። ሥራ የምትመለሱ ከሆነ የታለበ ወተት በክፍል ሙቀት አራት ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ አራት ቀን ይቆያል።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ፤ ሦስተኛው ሳይታሰብ እንዳይመጣ። ልጁ ስድስት ወር ያልሞላው ከሆነ፣ ቀንም ሌሊትም ጡት ብቻ የሚጠባ ከሆነና የወር አበባ ካልተመለሰ፣ ማጥባት ራሱ 98 በመቶ እርግዝና ይከላከላል። ሦስቱም አንድ ላይ መሟላት አለባቸው። አንዱ ከጎደለ ጥበቃው ስለሚላላ፣ ገንፎው ሳይጀመር ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ሌላ ዘዴ ምረጡ። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ወሊድና በቀጣዩ እርግዝና መካከል ቢያንስ 24 ወር ይሁን ይላል።