ስንት እጁ ድንጋይ፣ ስንት እጁ ስቱኮ?

ቅሪተ አካል ለመግዛት የተነሣ ሰው አፉ ላይ ቀድሞ የሚመጣለት ጥያቄ «ይሄ እውነተኛ ነው ወይስ ፎርጅድ?» የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ይመስላል፤ የሚመቸው ግን ከገዢው ይልቅ ለሻጩ ነው። በዚህ ገበያ ለመያዝ የሚያስቸግረው ከጫፍ እስከ ጫፍ ውሸት የሆነው ዕቃ ሳይሆን ከፊሉ እውነተኛ የሆነው ነው። ቅቤ ነጋዴ ሙዝ ብቻውን ጠቅልሎ «ቅቤ ነው» ቢል ማንም አይሰማውም፤ ከቅቤው ጋር ለውሶ ሲያቀርበው ግን ሽታውም መልኩም ይመሰክሩለታል። የቅሪተ አካሉም ነገር እንደዚሁ ነው። ጥርሱ በእርግጥ የ70 ሚሊዮን ዓመት ጥርስ ነው፤ የተተከለበት መንጋጋ ግን ባለፈው ወር የተለወሰ ሊሆን ይችላል። ሻጩ «እውነተኛ ነው?» ሲባል «ጥርሱን እየው እንጂ!» ብሎ ቢመልስ ዋሸ ለማለት ያስቸግራል። ስለዚህ ሰብሳቢው ሊጠይቅ የሚገባው ሌላ ነው፦ ስንት እጁ የራሱ ነው? የቀረውን ማን፣ በምን ሞላው?

ይህ በደንብ የሚታየው ሞሮኮ ውስጥ ነው። በደቡብ ምሥራቅ ሞሮኮ፣ በኤርፉድ፣ በሪሳኒና በአልኒፍ ዙሪያ፣ ትራይሎባይት ከካባ አውጥቶና አጽድቶ መሸጥ ብዙ ቤተሰብ የሚተዳደርበት ሥራ ነው። ትራይሎባይት ከ520 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በባሕር ውስጥ ብቅ ብሎ ከ252 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከምድር የጠፋ፣ ጀርባው በቅርፊት የተሸፈነ እንስሳ ነው። የሞሮኮዎቹ ዝነኞች በዴቮኒያን ዘመን፣ ከ390 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የኖሩ ሲሆኑ የሚገኙትም ጠንካራ የኖራ ድንጋይ ውስጥ ነው። ቆፋሪው ድንጋዩን በመዶሻ ሲፈልጠው እንስሳው ሙሉ ሆኖ አይወጣም፤ በተፈለጠው ገጽ ላይ የቅርፊቱ ጠርዝ ቀጭን ጥቁር መስመር ሆኖ ብቻ ይታያል። ቁርጥራጮቹ ተለቅመው በማጣበቂያ ይገጠማሉ። ከዚያ በኋላ ባለሙያው በማይክሮስኮፕ እያየ፣ በአየር ግፊት በሚመታ መርፌ ድንጋዩን ከቅርፊቱ ላይ በጥቂት በጥቂቱ ያነሣዋል። እንደ ዋሊሰሮፕስ ላሉ፣ ግንባራቸው ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ቀንድ ለተሸከሙ እሾሃማ ዓይነቶች ሥራው ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል።

አሠራሩን ያወቀ ሰው ዕቃውን የሚያይበት ዓይን ይለወጣል። ጀማሪ ሰብሳቢ ስንጥቅ ሲያይ ይሸሻል፤ የለመደው ግን ስንጥቁን ይፈልገዋል። ድንጋዩ ሲፈለጥ እንስሳውም አብሮ ስለሚፈለጥ፣ የተጣበቀበት መስመር ከድንጋዩ ተነሥቶ፣ ጀርባውን አቋርጦ፣ በወዲያኛው ወገን ተመልሶ ድንጋዩ ላይ መዝለቅ አለበት። መስመሩ ቅርፊቱ ጋ ሲደርስ ድንገት ከቆመ፣ ወይም ጭራሽ ከሌለ፣ እንስሳው ከሬዚን (ፈስሶ ከሚጠነክር ሰው ሠራሽ ሙጫ) ተቀድቶ በኋላ የተለጠፈ ሊሆን ይችላልና መጠርጠር ነው። ቀጥሎ ዓይኑን ማየት ያስፈልጋል። ፋኮፒድ የሚባሉት ወገኖች ሌንሶቻቸው ትልልቅና በረድፍ የተደረደሩ ስለሆኑ፣ አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። በተራ ቅጂ ላይ ሌንሶቹ ደብዝዘው እርስ በርስ ይዋሐዳሉ፤ አጠገባቸውም መርፌ የወጋቸው የሚመስሉ ክብ ክብ ቀዳዳዎች ይታያሉ። እነዚህ ሬዚኑ ሲፈስ የታፈነ አየር የተዋቸው ናቸው። «ርካሹን ማን ያስመስለዋል?» የሚለው መጽናኛም ብዙ አያስኬድም፤ ለአገር ጎብኚ በጅምላ የሚቀዳው ርካሹ ነውና። (በአሜሪካ ዩታ የሚወጣው ትንሹ ኤልራቲያ የተባለው ትራይሎባይት ግን በጣም ብዙ ስለሆነ፣ ማስመሰሉ ከማውጣቱ ይልቅ ያደክማል።)

ከመላ ቅጂው ይልቅ የሚከፋው ግን የሞሳሶር መንጋጋ ነው። ሞሳሶር በዳይኖሰሮች የመጨረሻ ዘመን ባሕር ውስጥ የኖረ ግዙፍ ተሳቢ ሲሆን፣ ጥርሱ በሞሮኮዋ ኩሪብጋ የፎስፌት ማዕድን ማውጫዎች እንደ ልብ ይገኛል። ያልተበታተነ መንጋጋ ግን ብርቅ ነው። ዋጋቸው የማይገናኝ በመሆኑ፣ የተለቀሙ ጥርሶች በፎስፌት አሸዋ፣ በአጥንት ስብርባሪና በማጣበቂያ በተሠራ «አጥንት» ላይ ተተክለው ይሸጣሉ። እንዲህ ያለውን ሲያዩ በመጀመሪያ ጥርሶቹን እርስ በርስ ማነጻጸር ነው፦ አንዱ ሹል፣ አንዱ ያለቀ፣ አንዱ የሌላ ዝርያ ከሆነ ባለቤታቸው አንድ እንስሳ አይደለም። ከዚያ የተሰበረ ጠርዝ መፈለግ ነው፤ አጥንት ሲሰበር ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ሆኖ ይታያል፣ ልውሱ ግን የአሸዋ ቅንጣት ብቻ ነው። በጨለማ ክፍል የአልትራቫዮሌት መብራት ሲበራበትም ማጣበቂያና መሙያ ብዙ ጊዜ ከአጥንቱ በተለየ ቀለም ያበራሉ። በጥጥ ላይ ጠብ የተደረገ አሴቶን፣ ማለትም ብዙ ሰው በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያነት የሚያውቀው፣ የተቀባ ቀለምን ያስለቅቃል። እዚህ ላይ ግን መቸኮል አያስፈልግም፤ ፓራሎይድ ቢ-72 የተባለውን ማጠናከሪያ ሙዚየሞች የሚመርጡት በአሴቶን መልሶ ስለሚሟሟ ጭምር ነው። ጥጡ የሚነግረን «እዚህ ቦታ ላይ እጅ ገብቷል» የሚለውን ብቻ ነው። ያ እጅ የሐቀኛ ነው ወይስ የአታላይ የሚለውን የሚወስነው ሻጩ አስቀድሞ መናገር አለመናገሩ ነው።

ይህ ልዩነት የሰብሳቢዎች ጣጣ ብቻ እንዳልሆነ ሳይንሱ ራሱ ከፍሎበት አይቷል። ከብራዚል የወጣ የዳይኖሰር ራስ ቅል ጀርመን አገር ሽቱትጋርት ሙዚየም ሲደርስ፣ ነጋዴዎቹ ይበልጥ የተሟላ እንዲመስል አፍንጫውን በመሙያ አርዝመውት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 እንስሳውን ያስተዋወቁት ተመራማሪዎች ኢሪቴተር ብለው ሲሰይሙት ብስጭታቸውን በስሙ ላይ ማስፈራቸው ነበር። ራስ ቅሉ ግን የእውነት ነው፤ የተበላሸው ለገበያ ሲባል «የተሻሻለው» ክፍል ነው። በ1999 ደግሞ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ወፍንና ዳይኖሰርን የሚያገናኝ ነው ያለውን «አርኪዮራፕተር» ለዓለም አቀረበ። ዕቃው ከቻይና ሊያውኒንግ ወጥቶ፣ በአሪዞና ቱሳን ከተማ በሚካሄደው የማዕድንና የቅሪተ አካል ባዛር በ80,000 ዶላር የተሸጠ ነበር። ተመራማሪው ቲሞቲ ሮው በሲቲ ስካን ሲመረምሩት ቁርጥራጮቹ የማይገጥሙ ሆነው ተገኙ፤ ሌላው ተመራማሪ ሹ ሺንግም የጅራቱን ሌላ ግማሽ ቻይና ውስጥ በሌላ እንስሳ አካል ላይ አገኙት። አካሉ ያኖርኒስ የተባለ ጥንታዊ ወፍ፣ ጅራቱ ማይክሮራፕተር የተባለ ትንሽ ዳይኖሰር ነበር። ሁለቱም ለሳይንስ አዲስና ውድ ግኝቶች ነበሩ። ተለያይተው ቢቀርቡ ኖሮ ሁለት ትልቅ ዜና ይሆኑ ነበር፤ አንድ ላይ ሲጣበቁ አንድ ቅሌት ወጣቸው።

«እንግዲያው ያልተነካ ብቻ ልግዛ» የሚል ሰው ይኖራል። ያ የሚቻል ነገር አይደለም፤ ያልተጣበቀ፣ ያልተጠናከረ ትልቅ አጥንት አይገኝም ማለት ይቻላል። መሙላት በራሱም ነውር የለበትም። በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችው ሉሲ ከአጽሟ የተገኘው 40 በመቶ ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ለሕዝብ የሚያሳየውም ቅጂዋን ነው፣ ዋናው በጥንቃቄ ተቀምጧል። ይህን ማንም ማታለል አይለውም፤ ቅጂነቱ አልተደበቀምና። በተቃራኒው በኅዳር 2022 ክሪስቲስ የተባለው አጫራች ሆንግ ኮንግ ላይ ሊሸጠው ያዘጋጀውን ሼን የተባለ የቲራኖሶረስ አጽም ከጨረታ አነሣው። ጎደሎው በሌላው ዝነኛ አጽም፣ በ2020 በ31.8 ሚሊዮን ዶላር በተሸጠው በስታን ቅጂዎች መሞላቱ ላይ ጥያቄ በመነሣቱ ነበር። ሁለቱም ጋ ቅጂ አለ፤ ልዩነቱ ስንቱ ቅጂ እንደሆነ ለተመልካቹና ለገዢው በግልጽ መነገሩ ላይ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ጠንከር ያለ ነው፦ ምሁራን የተታለሉበትን ተራ ገዢ በአጉሊ መነጽር እንዴት ይደርስበታል? እውነት ነው፣ ሁሌ አይደርስበትም። ለንደን በሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በአምበር (በደነደነ ጥንታዊ የዛፍ ሙጫ) ውስጥ ያለች አንዲት ዝንብ ለአሥርት ዓመታት በጥንታዊነቷ ስትጠቀስ ኖራ ነበር። በ1993 የማይክሮስኮፑ መብራት አምበሩን ሲያሞቀው መሐሉ ላይ መስመር ታየ። አምበሩ የእውነት ነበር፤ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ተቦርቡሮ፣ የዘመናችን ዝንብ ገብቶበት ተገጥሟል። በቅን ልቦናም ስሕተት አለ። የሰሜን ሸዋው የዓለም ከተማ አካባቢ አምበር በ2010 ሲታተም 95 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ተሰጥቶት ነበር፤ በኋላ በውስጡ ያሉት ነፍሳትና የአበባ ብናኙ ሲመረመሩ ዕድሜው ወደ 20 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ ወረደ። ይህ ሁሉ የሚያሳየን ግን የገዢውን አቅመ ቢስነት ሳይሆን፣ ዓይን ብቻውን ዳኛ ሊሆን እንደማይችል ነው። አርኪዮራፕተርን ያጋለጠው ምርመራ ብቻ አይደለም፤ የጅራቱ ግማሽ የት እንደቀረ መከታተልም ነው። ዕቃው ከየትኛው ካባ፣ በማን እጅ አልፎ እንደመጣ የሚናገር ወረቀት በሬዚን የማታለሉን ዕድል ይቀንሳል። ወረቀት የሌለው እውነተኛ አጥንትም ቢሆን ዋስትና የለውም፦ ተዋናዩ ኒኮላስ ኬጅ በ2007 በ276,000 ዶላር የገዛው ታርቦሶረስ የተባለ ዳይኖሰር ራስ ቅል ከሞንጎሊያ በሕገ ወጥ መንገድ የወጣ መሆኑ ታውቆ፣ በ2015 ለመመለስ ተስማምቷል።

«እኔ የምፈልገው ለሳሎን ጌጥ ነው» ለሚል ደግሞ ክርክር የለኝም፤ ቅጂ በቅጂ ዋጋ መግዛት ብልኅነት ነው። በዋናው ዋጋ ለሚገዛ ግን ከሻጩ የሚጠየቁት ነገሮች ጥቂት ናቸው፦ ከመጽዳቱ በፊት የተነሣ ፎቶ፣ በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር የተነሣ ፎቶ፣ የተሞላው ቦታ የተመለከተበት ንድፍ፣ የተገኘበት ቦታና ከአገር የወጣበት ፈቃድ፣ እንዲሁም ከተነገረው በላይ ተሞልቶ ቢገኝ ገንዘብ እንደሚመለስ የሚገልጽ ደረሰኝ። ጥሩ አዘጋጅ እነዚህን ለማሳየት አይቸገርም፤ የሚኮራበት ሥራው ነው። የሚቆጣ ወይም «ሌላ ገዢ ቆሟል» ብሎ የሚያጣድፍ ከሆነ ትቶ መሄድ ነው። ከኢትዮጵያ የወጣ ነው ተብሎ ከቀረበ ደግሞ ጥርሱንም ስንጥቁንም መመርመር አያስፈልግም፤ የአገሪቱ ቅሪተ አካላት በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የተጠበቁ ቅርሶች ናቸው፣ ያለ ፈቃድም ከአገር አይወጡም።