ኳሱ ሲያልቅስ?

እናትየዋ አቦሉን ቀድታ እስክትሰጠኝ ድረስ ስለ ልጇ ምንም አልተነፈሰችም። ደሴ፣ ሸዋበር፣ ከአንዲት ጠባብ ግቢ ውስጥ ተቀምጠናል። ስኒውን ስቀበላት ግን ስታብሰለስል የቆየችውን አወጣችው። «ኮች፣ ልጅሽ ጎበዝ ናት አልሽኝ፤ እሰየው። ግን እስከ ስንት ዓመቷ ነው የምትጫወተው? እስከ ሠላሳ? ከዚያስ? ኳሱ ሲያልቅ ምን ልትሆን ነው?»

«አሰልጣኝ ትሆናለች፣ እትዬ» አልኳት።

ጎኑ ተተርትሮ በክር የተሰፋውን ታኬታዬን አየት አደረገችና፣ «እንዳንቺ?» አለችኝ። ክፋት አልነበረባትም፤ የእናት ጥያቄ ነው። ያን ቀን መልስ አጠረኝ። ከዚያ ወዲህ ግን ስለ ጥያቄዋ ብዙ አስቤያለሁ።

እኔ ኳስ የጀመርኩት ደሴ ውስጥ፣ ከወንድሞቼ ጋር፣ በካልሲ ኳስ ነው። አድጌም ለሰባት ዓመት በክለብ ተጫወትኩ፤ አጥቂ ነበርኩ። አንድ ዓመት የክለባችን በጀት ሲያጥር መጀመሪያ የፈረሰው የሴቶቹ ቡድን ሆነ። ታኬታዬን በፌስታል ጠቅልዬ፣ በሚኒባስ ሐረጎን ቁልቁል ወርጄ፣ ኮምቦልቻ ሱቅ ተቀጠርኩ። ሁለት ዓመት ኳስ አልነካሁም። የሰፈር ልጆች ሲጫወቱ ካየሁ መንገድ እቀይር ነበር።

ኋላ ላይ ሳነብ የሴቶች ቡድን መፍረስ የእኛ ብቻ ችግር አለመሆኑን ተረዳሁ። በረዶ ላይ የሚጫወቱት ሆኪ የሚባል ስፖርት አለ። ካናዳዎች እኛ እግር ኳስን እንደምንወደው ይወዱታል። ሴቶች በኦሊምፒክ እንዲወዳደሩበት የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1998 ናጋኖ ላይ ነው። በዚያ ሀብታም አገር እንኳ የሴቶቹ ሊግ ገንዘብ አጥሮት እ.ኤ.አ. በ2019 ተዘጋ። ተጫዋቾቹ ግን ተደራጅተው ቋሚ ሊግ ይገባናል አሉ። በጥር 2024 በስድስት ቡድኖች አዲስ የሙያ ሊግ ተጀመረ። ቡድን በፈረሰ ቁጥር ልጆቹ ወደ ቤታቸው ቢበተኑ ኖሮ ያ ሊግ ባልተወለደ ነበር።

የእኛም አገር ሴቶች ያላቸውን አሳይተዋል። የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችን፣ ሉሲዎች፣ ለአፍሪካ ዋንጫ መጀመሪያ ያለፉት እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ደቡብ አፍሪካ ላይ አራተኛ ሆነው ጨረሱ፤ በ2012ም ኢኳቶሪያል ጊኒ ድረስ ሄዱ። ከዱራሜ የተነሳችው ሎዛ አበራ በሐዋሳ ከተማና በደደቢት አልፋ ስዊድን፣ ከዚያም ማልታ ገባች። በቢርኪርካራ ማልያ በአንድ የሊግ ዘመን 30 ግብ አስቆጠረች። በ2024 ደግሞ ለአሜሪካው ዲሲ ፓወር ፈረመች። የማሠለጥናቸው ልጆቼ ይህን ሁሉ በቃላቸው ያውቁታል።

እናትየዋ የጠየቀችኝ ግን ከዚያ በኋላ ስላለው ነው። ለዚህ ሁለት ሴቶችን እጠራላታለሁ።

አንዷ የድሬዳዋዋ መሠረት ማኒ ናት። ተጫውታ ያደገች ሴት ናት። አሰልጣኝ ሆና በ2007 ዓ.ም. የድሬዳዋ ከተማን የወንዶች ቡድን ወደ ፕሪሚየር ሊግ አሳደገች። ሴት አሰልጣኝ የወንዶችን ክለብ ይዛ በአገሪቱ ትልቁ ሊግ ላይ ስትቆም ከእሷ በፊት አልታየም። እኔ ያን ጊዜ ሱቅ ውስጥ ዘይት እየለካሁ ነበር። ወሬውን ስሰማ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጬ ቆምኩ። በዚያው ሳምንት ያቺን ፌስታል ፈታሁ።

ሌላዋ ደቡብ አፍሪካዊቷ ዴዚሬ ኤሊስ ናት። እ.ኤ.አ. በ1993 አገሯ የመጀመሪያውን የሴቶች ጨዋታ ስታደርግ ሦስት ግብ አገባች፤ ኋላም አምበል ሆነች። ያንኑ ቡድን አሰልጥና በ2022 የአፍሪካን ዋንጫ አነሳች። በዓመቱም የዓለም ዋንጫ ጥሎ ማለፍ ውስጥ አስገባችው።

መንገዱ ደረጃ አለው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ካፍ፣ የሚሰጠው የአሰልጣኝነት ፈቃድ ከዲ ይጀምራል፤ በሲና በቢ አልፎ ወደ ኤ ይወጣል። በየደረጃው ትምህርትም የሜዳ ፈተናም አለ። ስለዚህ ልጆቼን «እግራችሁ ሲደክም ተማሩ» አልላቸውም። ገና በአሥራ ስድስት ዓመታቸው ፊሽካ አስይዛቸዋለሁ።

ሴት አሰልጣኝ ለምን ታስፈልጋለች ለሚለኝ ሰው ቦርሳዬን ከፍቼ አሳያለሁ። ፊሽካ፣ ኮን፣ ፋሻ፣ ሞዴስ። ማሟሟቅ ስንጀምር ሆዷን ይዛ ዳር የምትቆም ልጅ ብዙ ጊዜ ሰንፋ አይደለም፤ የወር አበባዋ መጥቶባት ነው። በግንባር ለመግጨት የማትዘል ልጅም ሁልጊዜ ፈርታ አይደለም፤ ደረቷን የሚይዝላት የስፖርት ጡት መያዣ ስለሌላት ነው። ወንድ አሰልጣኝ ይህን መማር ይችላል፤ እኔ ግን ኖሬበታለሁ።

ወሎ ውስጥ ደግሞ የሻሹ ጉዳይ አለ። አንድ አባት ኮምቦልቻ ሜዳ ዳር ድረስ መጥተው፣ «ልጄ ሂጃቧን አውልቃ አትጫወትም» አሉኝ። «አባባ፣ ማን አውልቂ አላት?» አልኳቸው። የዓለም እግር ኳስ ሕግ ተጫዋቿ ራሷን ተሸፍና እንድትጫወት እ.ኤ.አ. በ2014 እንደፈቀደ ነገርኳቸው። አንገቷን እንዳያንቃት ተጣብቆ የሚታሰረውን ዓይነት ራሴ አስሬ አሳየኋቸው። «እንግዲያው አላህ ይርዳችሁ» ብለው ሄዱ። ልጅቷ ዛሬ በረኛችን ናት።

በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ግን ሌላ ነው። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣለች፤ ኮምቦልቻ ከ2,000 በታች ናት። የደሴ ልጆች ሲወርዱ ሙቀቱ ያደክማቸዋል፤ የኮምቦልቻዎቹ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ስለዚህ ለደሴ ጨዋታ ስንወጣ የማዛቸው አንድ ነገር ነው፤ «ኳሷ ትሩጥ፣ እናንተ አትሩጡ።» በውስጥ እግር፣ አጭር ቅብብል፣ ወዲያው መልሶ መስጠት። ይህን ያስተማረኝ ሜዳ ላይ ያጣሁት ትንፋሽ ነው። ተጫውታ ያለፈች ሴት ወደ ቤቷ ስትመለስ ይህ ሁሉ እውቀት አብሯት ይገባል። የሚያሳዝነኝ ይህ ነው።

ባለፈው ክረምት የዚያች እናት ልጅ፣ ተከላካዬ፣ ከአሥራ ሦስት ዓመት በታች ያሉትን ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ መያዝ ጀመረች። እናቷ አንድ ቀን መጥታ ዳር ቆመች። ልጅቷ አንዲት ሕፃን ፊት ተንበርክካ፣ ቁርጭምጭሚቷን ይዛ ወደ ውጭ ታዞርላት ነበር። «እንዲህ፤ በውስጥ እግርሽ» ትላታለች።

እናትየዋ ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ደመወዝ አለው?» አለችኝ።

«ገና ነው፣ እትዬ።»

«የሚኖረውስ መቼ ነው?»

አልዋሸኋትም። የልጅቷን ጉብዝና እኔ ልመሰክር እችላለሁ፤ ይህን ጥያቄ ግን ብቻዬን አልመልሰውም። የሴቶችን ቡድን ከበጀቱ መጨረሻ ሳይሆን ከመጀመሪያው የሚጽፍ ክለብ፣ ሴቶችን አስተምሮ የሚቀጥር የስፖርት ጽሕፈት ቤት፣ የልጁን አሰልጣኝ ደመወዝ እንደ መምህር ደመወዝ የሚያይ ወላጅ ሲኖር ነው የሚመለሰው።

እናትየዋ ነጠላዋን አጣፋች። «ለመሆኑ ይቺ ልጅ ቁርስ በልታ ነው የመጣችው?» አለችና ዳቦ በፌስታል አቀበለችኝ። ከልጇ ድርሻ በላይ ነበር። ለትናንሾቹም አስባለች።