«ሻፍት በአፍሪካ»፤ ስለ አንድ ጀግናና ስለ ሰው ነጋዴዎች

ስለ ሲኒማ ሲነሣ «ጊዜ ማሳለፊያ ነው» ብለው የሚያልፉት ሰዎች ብዙ ናቸው። ይሁን እንጂ አንዳንዱ ፊልም ረጋ ብለው ሲመረምሩት ከተኩሱና ከግርግሩ ሥር ቁም ነገር ይገኝበታል። በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላስረዳ ያሰብሁት ከእነዚህ አንዱን፣ «ሻፍት በአፍሪካ» የተባለውን የአሜሪካ ፊልም ነው። የመረጥሁትም በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ፊልሙ በከፊል የተነሣው በአገራችን በኢትዮጵያ ነው። ሁለተኛ፣ ታሪኩ ወጣቶችን በስውር ወደ ባዕድ አገር እያሻገሩ ስለሚነግዱ ወንጀለኞች ነው። ይህ ነገር ደግሞ ለሮቢትና ለቆቦ፣ በጠቅላላውም ለራያ ቆላ ሕዝብ የሩቅ ወሬ አይደለም።

በመጀመሪያ ሻፍት ማን እንደ ሆነ እንመልከት። ጆን ሻፍት ኧርነስት ቲዲማን የተባለ አሜሪካዊ ደራሲ በልብ ወለድ መጽሐፍ የፈጠረው የኒውዮርክ የግል መርማሪ ነው። በ1963 ዓ.ም. ጎርደን ፓርክስ የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ ዲሬክተር በፊልም አቀረበው፤ የሻፍትን ቦታ ይዞ የሠራውም ሪቻርድ ራውንድትሪ ነው። ከዚያ ቀደም በአሜሪካ ፊልም ጥቁር ሰው አብዛኛውን ጊዜ አሽከር ወይም የዋናው ሰው ተከታይ ሆኖ ይታይ ነበር። ሻፍት ግን ራሱ ዋና፣ ራሱ አዛዥ ሆኖ በመታየቱ ብዙ ተመልካች አገኘ። ሁለተኛው ክፍል በ1964 ዓ.ም.፣ ሦስተኛው «ሻፍት በአፍሪካ» በ1965 ዓ.ም. ወጣ።

ሦስተኛውን ክፍል የመራው እንግሊዛዊው ጆን ጊለርሚን ነው። ከኢትዮጵያውያን መካከል የታወቀው የቴአትር ሰው ደበበ እሸቱ ተካፍሎበታል። ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። አንድ የአፍሪካ አሚር ወጣቶችን ወደ ፓሪስ እያሻገረ በጉልበታቸው የሚነግድ ማኅበር እንዳለ ያውቃል። ይህን ማኅበር የሚያፈርስለት ሰው ሲፈልግ ሻፍትን በግድም በገንዘብም አስማምቶ ያስመጣዋል። ሻፍት ዓለሜ ከተባለች የአሚሩ ልጅ ቋንቋና ልማድ ተምሮ፣ ሥራ ፈላጊ መስሎ፣ ከተሰደዱት ጋር ተቀላቅሎ ይጓዛል። ወንጀለኞቹ ግን መምጣቱን አስቀድመው ሰምተዋልና በየመንገዱ ገዳይ ይልኩበታል። እርሱም አንድ በአንድ እየጣለ እስከ ፓሪስ ይደርሳል።

የእንዲህ ያለ ፊልም ሥርዐት ሁልጊዜ አንድ ነው። ወንጀለኞቹ ብዙ፣ ጀግናው አንድ ነው። ሕግ ወይ ሩቅ ነው፣ ወይ ደካማ ነው። ተመልካቹም ጀግናውን ብቻ እየተከተለ ይጨነቃል፤ ጀግናው ሲያሸንፍ እፎይ ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ነገር ግን ጀግናው ብቻውን የሆነበት ምክንያት ምንድን ነው ብለን መጠየቅ ይገባናል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በ1944 ዓ.ም. የወጣው «ሃይ ኑን»፣ ማለት «እኩለ ቀን» የተባለው ፊልም ነው። በዚያ ፊልም የአንዲት ትንሽ ከተማ ሕግ አስከባሪ አራት ወንበዴዎች ሊገድሉት ሲመጡበት የከተማውን ሰው እርዳታ ይለምናል። አንዱ ይደበቃል፣ አንዱ ሰበብ ያቀርባል፣ አንዱ «ከተማውን ለቀህ ብትሄድ ይሻላል» ይለዋል። ስለዚህ ጀግናው ብቻውን የቀረው ሌሎቹ ዝም ስላሉ ነው።

አሁን ወደ «ሻፍት በአፍሪካ» እንመለስ። ፊልሙን ስናይ ዐይናችን ሻፍት ላይ ነው። ከእርሱ ኋላ ግን ብዙ ወጣቶች ተሰልፈው ይታያሉ፤ ስማቸው አይነገርም፣ ታሪካቸው አይታወቅም። እኛ የራያ ልጆች በፊልሙ ውስጥ ቦታ ቢኖረን ቦታችን የሻፍት ሳይሆን የእነዚያ ነው። በዓመቱ መጀመሪያ አብረውን ተመዝግበው ዛሬ ወንበራቸው ባዶ የሆነ ልጆች አሉና ይህን መናገር ማጋነን አይሆንም።

እውነተኛው ንግድ ሲመረመር እንደ ሰንሰለት የተያያዘ ነው። የመጀመሪያው ቀለበት ደላላው ነው። እርሱም ብዙ ጊዜ የሰፈር ልጅ፣ ዘመድ፣ ወይም ራሱ ዐረብ አገር ደርሶ የተመለሰ ሰው ነው። «እገሌ ለእናቱ ቆርቆሮ ቤት ሠራ» ይላል እንጂ ስንቱ በመንገድ እንደ ቀረ አይናገርም። ሁለተኛው በአፋር በረሃ አድርጎ ወደ ጂቡቲ የሚወስደው መሪ ነው። ሦስተኛው በኦቦክ አካባቢ ካለው የባሕር ዳር ሰውን በጀልባ አጭቆ ወደ የመን የሚያሻግረው ነው። በዚያ ያለው ባብ ኤል መንደብ የተባለው ወሽመጥ በጠባቡ በኩል 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ስሙም በዐረብኛ «የእንባ በር» ማለት ነው። አራተኛው በየመን ተቀብሎ፣ በግቢ ዘግቶ፣ እየደበደበ ወደ ቤተ ሰብ ስልክ የሚያስደውለው ነው። እናት የልጇን ጩኸት በስልክ ትሰማለች፤ በሬው ይሸጣል፣ መሬቱ ይያዛል፣ ብድር ይገባል። አምስተኛው ይህን የማስለቀቂያ ገንዘብ ተቀብሎ የሚያስተላልፈው ነው። ይህ ሁሉ አልፎ ገና የሳዑዲ ዐረቢያ ድንበር ይቀራል።

የዚህ መንገድ ዋጋ በግልጽ የታወቀ ነው። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ከ150 በላይ ሰዎች የጫነች አንዲት ጀልባ በየመን አብየን ጠረፍ ተገልብጣ ከ60 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ተሳፋሪዎቹም አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። መድረስም መጨረሻ አይደለም፤ በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ150 ሺሕ በላይ ኢትዮጵያውያንን መልሳለች።

እንግዲህ ፊልሙንና እውነቱን እናወዳድር። ሻፍት ቋንቋ ተምሮ ይሄዳል፤ የእኛ ልጅ ቋንቋውን ሳያውቅ ይሄዳል። ሻፍት ተከፍሎት ይሄዳል፤ የእኛ ልጅ ከፍሎ ይሄዳል። የፊልሙ አለቃ መኖሪያው የታወቀ ነውና እርሱ ሲወድቅ ነገሩ ያበቃል። በእውነተኛው ሰንሰለት ግን አንዱ ቀለበት ቢሰበር ሌላው በቦታው ይተካል። ከሁሉ የሚበልጠው ልዩነት ደግሞ ይህ ነው፤ የፊልሙ ወንጀለኛ ባዕድ ነው፣ የእኛ የመጀመሪያው ደላላ ግን በሰርግና በለቅሶ አብሮን የሚቀመጥ ሰው ነው። ስለዚህ አንድ ጀግና ከኒውዮርክ ቢመጣ እርሱን ለይቶ አያውቀውም። የሚያውቀው የሰፈሩ ሰው ነው።

አባቶቻችን ወንጀለኛን የሚያወጡበት አውጫጭ የሚባል ሥርዐት ነበራቸው፤ በሌላ ስሙ አፈርሳታ ይባላል። ከብት ሲሰረቅ፣ ቤት ሲቃጠል፣ ወይም ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሲጠፋ የአካባቢው ሰው ሁሉ በሜዳ ይሰበሰባል። የቀረ ይቀጣል። ያየ ሰው በግልጽ ለመናገር ቢፈራ «ወፍ ነገረኝ» እየተባለ በምስጢር ይጠቁማል። ወንጀለኛው ካልተገኘ አገሩ በጅምላ ካሣ ይከፍላል። ሥርዐቱ ጉድለት አልነበረውም አይባልም፤ ንጹሕ ሰው በቂም የሚጠቆምበት ጊዜ ነበረ። ዛሬም ፍርድ የፍርድ ቤት ነው እንጂ የሜዳ አይደለም። ቢሆንም የአውጫጭ ሐሳብ ከሻፍት ሐሳብ ይለያል። በሻፍት ዘንድ ወንጀልን የሚያወጣው የአንድ ሰው ብልሃት ነው፤ በአውጫጭ ዘንድ የሁሉ ሰው መናገር ነው። ዝም ያለም ካሣውን አብሮ ይከፍላል።

ዝምታ ምን እንደሚያስከፍል ወሎ ታውቃለች። ይህ ፊልም በወጣበት በ1965 ዓ.ም. አገራችን በብርቱ ረሃብ ላይ ነበረች፤ ራያና ቆቦም ክፉኛ ከተጎዱት አውራጃዎች አንዱ ነበረ። ረሃቡ ግን ተሸፍኖ ቆየ፤ በ1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲታይ ነው ዓለም የሰማው። ያን ጊዜ ከድርቁ ጋር ዝምታው ሰው ገድሏል።

ዛሬ በአገራችን በሰው መነገድንና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን የሚከለክል አዋጅ ቁጥር 1178/2012 አለ። ነገር ግን አዋጅ ብቻውን አይሠራም፤ የሚናገር ሰው ይፈልጋል። ብዙ ቤተ ሰብ ልጁን ያሻገረውን ደላላ እያወቀ አይናገርም፤ ወይ ዘመድ ስለሆነ፣ ወይ ልጁ በመንገድ ላይ ስለሆነ፣ ወይም ሁለተኛው ልጅ ነገ በዚያው ሰው እጅ ይሄዳል ብሎ ስለሚያስብ ነው። ይህን ፍርሃት እንደ ቀላል መናቅ አይገባም።

የሚሄዱትንም መውቀስ አይገባም። መሬት አልደረሳቸውም፤ ዝናብ ሲቀር ማሽላው ይደርቃል፤ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የነበረው ጦርነትም የብዙዎችን ጎተራ ባዶ አድርጓል። ስለዚህ «አትሂድ» የሚለው ቃል ብቻውን ለተራበ ሰው መልስ አይሆንም። ቢያንስ ግን ሊሄድ የተነሣ ሰው ውል ተፈራርሞ፣ አሠሪውን አውቆ የሚሄድበት ሕጋዊ መንገድ መኖሩን፣ የሌሊቱ መንገድ ምን እንደሚያስከፍልም ሳይደበቅ ሊነገረው ይገባል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ከመካከላችን ደላላ ያነጋገረው ቢኖር አስቀድሞ ለሚያምነው አንድ መምህር ወይም ጓደኛ ይንገር። ወላጆቻችንም ከባሕር ማዶ የተመለሰውን ልጅ ያመጣውን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ያየውንም ጠይቁት፤ አንዳንዱ ብዙ የሚናገረው አለው፣ የጠየቀው ግን የለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ ለአንድ ሻፍት የከበደው ነገር ለአንድ ቀበሌ ሰው ላይከብድ ይችላል።