ያውቁ ኖሯል? ከቂርቆስ ሰፈር እስከ እንግሊዝ ገዳም፣ የተማሪ ጉርሻ

(ዓ.ም. ያልተባለበት ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው።)

ቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚጠራው በሦስት ዓመት ሕፃን ስም መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ቅዱስ ቂርቆስ ከእናቱ ከቅድስት ኢየሉጣ ጋር ሰማዕት የሆነው በዚያ ዕድሜው ነው። ጥር 15 መታሰቢያው ነው፤ ሐምሌ 19 ደግሞ ቅዱስ ገብርኤል እናትና ልጁን ከፈላ ውኃ ያወጣበት ዕለት ነው። ብዙ ሰው ቁልቢ ከሚወርድባቸው ቀኖችም አንዱ ነው።

ይኸው ሕፃን እንግሊዝ ገጠር ውስጥም ታቦት አለው ማለት ይቻላል። ዴቨን ያለው የኒውተን ሴንት ሳይርስ መንደር ስሙን ያገኘው ከእሱ ነው። ካምብሪጅሺር ውስጥ ስዋፍሃም ፕራየር በምትባል መንደር ደግሞ የቂርቆስና ኢየሉጣ ቤተ ክርስቲያን ከቅድስት ማርያም ጋር በአንድ ቅጥር ግቢ ጎን ለጎን ቆሟል።

በምዕራባውያን አቆጣጠር የእናትና ልጁ በዓል ጁን 16 ነው። የአፍሪካ ሕፃናት ቀንም ጁን 16 ይውላል፤ በ1976 ደቡብ አፍሪካ ሶዌቶ ላይ በጥይት ለረገፉት ተማሪዎች መታሰቢያ እንዲሆን ከ1991 ጀምሮ ይከበራል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቀኑን ሲመርጥ ስለ ቂርቆስ አላሰበም። ግጥምጥሞሹ ግን ይገርማል።

የአፍሪካ ሕፃናት መብትና ደኅንነት ቻርተር የጸደቀው እዚሁ አዲስ አበባ ነው፤ በ1990። ልጅ መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታም እንዳለበት ይደነግጋል፤ ወላጆቹንና ታላላቆቹን ማክበር፣ ሲቸገሩም መርዳት አለበት። ኒውዮርክ ላይ አንድ ዓመት ቀድሞ የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት እንዲህ ያለ አንቀጽ የለውም። ይህችን አንቀጽ የጨመራት ሰው ያደገው በአያቶቹ እጅ ይመስለኛል።

ካዛንቺስ ጥግ ያለው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን (ኢ.ሲ.ኤ.) ከዩኔስኮ ጋር ሆኖ በግንቦት 1961 የአፍሪካን መንግሥታት አዲስ አበባ ላይ ሰበሰበ። እስከ 1980 ድረስ የአፍሪካ ልጅ ሁሉ አንደኛ ደረጃን በነፃ እንዲማር ዕቅድ ወጣ። 1980 መጥቶ ሄደ።

የቆሎ ተማሪን የማያውቅ አንባቢ የለም። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻ መከላከያ ዱላ ይዞ ከሰው ደጅ ይቆምና «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ኩርማን እንጀራ ወይም እፍኝ ቆሎ ተቀብሎ ወደ ጎጆው ይመለሳል። የተረፈችውን ፀሐይ ላይ አስጥቶ ድርቆሽ ያደርጋታል፤ ክረምት ሲከብድ በውኃ አርሶ ይበላታል። የባለጸጋ ልጅ እንኳ ቢሆን ርስቱን ትቶ፣ ዘመድ ከማያውቀው አገር ሄዶ ይለምናል። ልመናው ከትምህርቱ አንዱ ክፍል ስለሆነ ነውር የሚለው የለም።

እንግሊዝም የራሷ የቆሎ ተማሪዎች እንደነበሯት ያውቁ ኖሯል? የኦክስፎርድና የካምብሪጅ ደሀ ተማሪዎች በየመንገዱ እየለመኑ ይማሩ ነበር። ሆኖም በ1388 ካምብሪጅ ላይ የተቀመጠው ፓርላማ ሕግ አወጣባቸው፦ የሚለምን ተማሪ ከዩኒቨርሲቲው ቻንስለር የምስክር ወረቀት መያዝ አለበት፤ ያልያዘ፣ ጉልበት እያለው እንደሚለምን ሰው ተቆጥሮ እግሩ በግንድ ይጠረቃል። የእኛው ተማሪ ወረቀቱ አኩፋዳው ነው።

ዳዊት ማንበብ ከስቅላት ያድን ነበር፤ እንደ ቀልድ አይውሰዱት። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ ካህን የሆነ ሰው በንጉሥ ዳኛ አይሰቀልም። ካህንነቱ የሚረጋገጠው ደግሞ በማንበብ ነበር። ዳኛው ዳዊት ያስከፍታል፤ ብዙ ጊዜ የሚያስነብበውም እኛ መዝሙር 50 የምንለውን ነው። ያነበበ አንገቱ ተረፈ። ፊደል ያልቆጠረ ወንበዴም ያችን አንዲት ቁጥር በቃሉ ማጥናቱ አልቀረም። ባለቲያትሩ ቤን ጆንሰን በ1598 ሰው ገድሎ ያመለጠው በዚህ መንገድ ነው፤ ሁለተኛ እንዳይደግመው አውራ ጣቱ ላይ በጋለ ብረት ምልክት ተደረገበት።

ለንደን ውስጥ በ1741 ሥራ የጀመረው የቶማስ ኮራም የሕፃናት ማሳደጊያ ብዙም ሳይቆይ በሩ በእናቶች ስለተጨናነቀ በዕጣ መቀበል ጀመረ። እናት ልጇን ታቅፋ እጇን ወደ ከረጢት ትሰድና ኳስ ታወጣለች። ነጭ ከወጣላት ልጁ ጤናው ታይቶ ይገባል። ቀይ ከሆነ ትጠብቃለች። ጥቁር ከሆነ ይዛው ትመለሳለች። ትታው የምትሄደዋም ቁራጭ ጨርቅ፣ የተበሳ ሳንቲም ወይም የልብስ ቁልፍ ታስቀምጥለት ነበር፤ ቀን ወጥቶላት ብትመለስ ልጇን የምትለይበት።

የእንግሊዝ ጦር በ1868 ከመቅደላ ከወሰዳቸው ልጆች ሁለቱን እናንሣ። የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል አለማየሁ ያኔ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ በራግቢ ትምህርት ቤት ተማረ፣ ሳንድኸርስትም ገባ፣ በ1879 ሊድስ ከተማ ውስጥ በ18 ዓመቱ ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ። ሌላው የሦስት ዓመት ገደማ ልጅ የነበሩት ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። የእንግሊዝ መኮንኖች ሕንድ ወስደው አሳደጓቸው፣ አስተማሯቸው፣ ሐኪም ሆኑ። አገራቸው ተመልሰው በ1925 የተከፈተውን የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት መሩ፤ ከባርነት ነፃ ለወጡ ልጆችም ትምህርት ቤት ከፈቱ። ስለ አለማየሁ በየጊዜው እናለቅሳለን፣ ተገቢም ነው፤ ሐኪም ወርቅነህን ግን ማን ያነሣቸዋል?

ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ሳሉ ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት ሆስፒታል የሕፃናት ነርስነት ተምረው በ1939 ተመረቁ። በ1942 በ22 ዓመታቸው ሲያርፉ በስማቸው ሆስፒታል እንዲሠራ እንግሊዝ ውስጥ ገንዘብ ያሰባሰቡት ሲልቪያ ፓንክኸርስት ናቸው፤ ዛሬ ጦር ኃይሎች የምንለው እሱ ነው። ሲልቪያ ለዚህ ሥራ አዲስ አልነበሩም። በ1915 በምሥራቅ ለንደን አንድ መጠጥ ቤት ተከራይተው የሕፃናት መዋያ አድርገውታል።

ቡሌ፣ ማለትም የምግብ ትርፍራፊ፣ ትምህርት ቤት እንደሚያቋቁም ያውቁ ኖሯል? የእንግሊዝ ገዳማት ከመነኮሳቱ ማዕድ የተረፈውን ለደሀ ይሰጡ ነበር። ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ በትርፍራፊው ልጆች እያበሉ በምጽዋት ቤታቸው ማስተማር ያዙ። እዚህ ደግሞ አቶ አስፋው የምሩ ነበሩ። በልጅነታቸው ከገጠር መጥተው ጎዳና አድረዋል፤ ዕድል አግኝተው በ1946 በተከፈተው የጄኔራል ዊንጌት አዳሪ ትምህርት ቤት ገቡ። ተማሪ ሳሉ ከማዕድ ቤቱ የተረፈው ምግብ ለችግረኞች ልጆች እንዲሰጥ አስፈቀዱ። ከዚያ እነዚያኑ ልጆች በአቅራቢያው ባለ ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ዛፍ ሥር ፊደል ማስቆጠር ጀመሩ። አስረ ሐዋርያት ትምህርት ቤት የተወለደው እንዲህ ነው። በ2001 የዓለም ሕፃናት ሽልማት የክብር ተሸላሚ ሆኑ፤ በ2021 አረፉ። በትምህርት ቤታቸው ልጅ መግረፍ ክልክል ነበር፤ አለንጋ የማይለየው መምህር በሞላበት ዘመን!

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ መንግሥት ትምህርት ቤቶች፣ የቂርቆስ ክፍለ ከተማዎቹን ጨምሮ፣ ተማሪዎቻቸውን ቁርስና ምሳ ያበላሉ።