«ቢያንስ ለሁለት ሰው»፦ በስፔን የሩዝ ገበታ ላይ ብቻውን የሚቀመጥ ሙስሊም ተማሪ ምን ይወቅ?



ለትምህርት ልውውጥ፣ ለአጭር ሥልጠና ወይም ለስብሰባ ወደ ስፔን የመሄድ ዕድል የሚገጥመው ተማሪ ብዙውን ጊዜ የሚሄደው ብቻውን ነው። ቫሌንሲያ ከተማ ደርሶ አንድ ምግብ ቤት ገባ እንበል። የምግብ ዝርዝሩን ሲገልጥ የሩዙ ዓይነት ብቻ አንድ ገጽ ሞልቷል። ደስ ብሎት ሊያዝ ሲል ግን ከሥር በትንንሽ ፊደል «ሚኒሞ ዶስ ፔርሶናስ» ተብሎ ተጽፏል፤ «ቢያንስ ለሁለት ሰው» ማለት ነው። ይህ የመጀመሪያው እንቅፋት ነው። ሁለተኛው ደግሞ የእኛ የሙስሊሞች ጥያቄ ነው፦ መጥበሻው ውስጥ ምን ገብቷል?

እነዚህ ሁለቱ ሲገጥሙት ተስፋ ቆርጦ ሰንብቶውን በሙሉ በዳቦና በቱና የሚገፋ አለ። «ሩዝ አይደል፣ ምን ችግር አለው?» ብሎ ሳይጠይቅ የሚበላም አለ። ሁለቱም አያስፈልጉም። የምግቡን ዓይነት ለይቶ ያወቀና መጠየቅ የማያፍር ሰው፣ ዲኑንም ጠብቆ የአገሩንም ምግብ ቀምሶ መመለስ ይችላል። እንዴት የሚለውን ከዚህ በታች እናያለን።

ሩዙ ከየት መጣ?

ሙስሊሞች ወደዚያ ምድር የገቡት በ711 ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት የአንደሉስ ዘመናት ሩዝ በስፋት ተዘራ፤ ለሩዝ የሚሆነው የመስኖ ሥራም ተስፋፋ። የዚህ ምስክሩ ቋንቋው ነው። ስፔኖች ሩዝን «አሮስ» ይሉታል፤ ከዐረብኛው «አር-ሩዝ» የመጣ ነው። የመስኖ ቦይ «አሴኪያ» ነው፤ ከ«አስ-ሳቂያ»። ዘይት «አሴይቴ» ነው፤ ከ«አዝ-ዘይት»። ምግቡን ቢጫ የሚያደርገው ቅመም «አሳፍራን» ነው፤ ከ«አዝ-ዘዕፈራን»። ከቫሌንሲያ በስተደቡብ፣ በሩዝ ማሳ የተከበበው ሐይቅ «አልቡፌራ» ይባላል፤ ከ«አል-ቡሐይራ» ማለትም «ትንሿ ባሕር»። እኛም ሩዝና ዘይት ስንል የዚያው ቤተሰብ ቃላት ናቸው።

ቫሌንሲያ በ1238 በንጉሥ ሃይሜ ቀዳማዊ እጅ ገባች፤ ቦዮቹ ግን ሥራቸውን ቀጠሉ። ዛሬም በየሳምንቱ ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ገበሬዎች የመረጧቸው ዳኞች በካቴድራሉ በር ላይ ተቀምጠው የመስኖ ውኃ ክርክር በቃል ይዳኛሉ። የዚህን «የውኃ ፍርድ ቤት» መነሻ ብዙዎች እስከ አንደሉስ ዘመን ይወስዱታል፤ ዩኔስኮም በ2009 በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። እስልምናን የተዉ መስለው እንዲኖሩ የተገደዱት የአካባቢው ሙስሊሞች ልጆች ግን በ1609 በንጉሥ ትእዛዝ ከቫሌንሲያ ተባረሩ። በማሳዎቹ መካከል ስንሄድ ይህንንም ማስታወስ ይገባናል።

እዚህ ላይ አንድ እርማት እናድርግ። «ፓኤያ የሚለው ስም ከዐረብኛው በቂያ (ትርፍራፊ) የመጣ ነው» የሚል ወሬ በእኛም ዘንድ ይሰማል። ደስ ቢልም ትክክል አይደለም። ቃሉ «ፓቴላ» ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ሲሆን ትርጉሙም መጥበሻ ነው። ዛሬ የምናውቀው ፓኤያም የአንደሉስ ምግብ ሳይሆን፣ የቫሌንሲያ ገበሬዎች ከዘመናት በኋላ በማሳቸው ዳር የሠሩት ነው። ሩዙንና ውኃውን ያመጡትን ለማመስገን ያልሆነውን መጨመር አያስፈልገንም።

ለምን ለአንድ ሰው አይሠሩም?

ፓኤያ የሚሠራው በሰፊና ጠፍጣፋ መጥበሻ ነው። ሩዙ ስስ ሆኖ ይዘረጋል፤ ከተዘረጋ በኋላ አይማሰልም። ወደ 20 ደቂቃ በስሎ ውኃውን ሲጨርስ ከሥሩ «ሶካራት» የሚባል፣ የተጠበሰና የሚንኮሻኮሽ ሽፋን ይይዛል፤ ሰው የሚሻማው በእሱ ነው። ምግቡ የሚሠራው ከታዘዘ በኋላ ስለሆነ አንድ ምድጃና አንድ መጥበሻ ለአንድ ደንበኛ መያዝ ለባለቤቱ አያዋጣም። ስለዚህ «ቢያንስ ለሁለት» የሚለው ንቀት አይደለም።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ምግቡ በባሕሉ የጋራ ነው። በቫሌንሲያ ቤተሰብ እሑድ ቀን መጥበሻውን መሐል አድርጎ ይከባል፤ ሁሉም ማንኪያውን ይዞ ከፊቱ ካለው ጠርዝ ጀምሮ ወደ መሐል ይበላል እንጂ ወደ ጎረቤቱ ድርሻ አይሻገርም። ይህን ሥርዓት እኛ ከትሪ ዙሪያ እናውቀዋለን። ከፊታችን ካለው እንድንበላ፣ በረካ የሚወርድበትን የምግቡን መሐል ትተን ከዳር እንድንጀምር ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል።

የትኛው ሩዝ ምን ይዟል?

ስፔን ውስጥ «ፓኤያ» አንዱ ብቻ ነው፤ የሩዝ ምግቦቹ ብዙ ናቸው። ለእኛ በሚጠቅም መልኩ በሦስት እንክፈላቸው።

አንደኛ፣ የአሳማ ሥጋ የመሠረታቸው አካል የሆኑ። «አሮስ አል ኦርኖ» በሸክላ ዕቃ በምድጃ የሚጋገር ሩዝ ነው፤ ሽምብራና ድንች ቢታይበትም የአሳማ ጎድንና «ሞርሲያ» የሚባል የደም ቋሊማ አለበት። የኤልቼ አካባቢው «አሮስ ኮን ኮስትራ» ከላይ በእንቁላል የተሸፈነ ነው፤ ከእንቁላሉ ሥር ግን የአሳማ ቋሊማ አለ። በቦሎቄና በነጭ ሥር አትክልት የሚሠራው የቫሌንሲያ ሾርባማ ሩዝም እንዲሁ ነው። በካታሎኒያ ደግሞ የባሕርና የየብስ ሥጋ ቀላቅሎ መሥራት የተለመደ ስለሆነ ሽሪምፕ የሚታይበት ሩዝ ውስጥ የአሳማ ጎድን ሊኖር ይችላል።

ሁለተኛ፣ ሥጋው ራሱ የማይከለከል፣ ጥያቄው እርዱ ላይ የሆነ። ዋናው የቫሌንሲያ ፓኤያ እዚህ ይገባል። የሚገቡበት ነገሮች የታወቁ ናቸው፦ ሩዝ፣ ዶሮ፣ ጥንቸል፣ ሰፋፊ ፎሶሊያ፣ ትልልቅ ነጭ ቦሎቄ፣ ቲማቲም፣ የወይራ ዘይት፣ ዛዕፈራን፣ ጨውና ውኃ። አሳማ የለበትም፤ ቾሪሶ የተባለውን የአሳማ ቋሊማ መጨመር ለቫሌንሲያ ሰው ነውር ነው። ጥንቸል በአገራችን ስላልተለመደ ብንደነግጥም በአራቱም መዝሀቦች የተፈቀደ እንስሳ ነው። አንዳንዶች ቀንድ አውጣ ይጨምሩበታል፤ እሱን ማሊኪዎች ቢፈቅዱትም ሌሎቹ አይፈቅዱትም። ዋናው ጉዳይ ግን ዶሮውና ጥንቸሉ እንዴት ታረዱ የሚለው ነው። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ መሠረት እንስሳት ከመታረዳቸው በፊት እንዲደነዝዙ ይደረጋል፤ ለሃይማኖታዊ እርድ የተለየ ሁኔታ ተቀምጧል። የኪታብ ባለቤቶች ያረዱትን በተመለከተ በአል-ማኢዳ ምዕራፍ አምስተኛው አንቀጽ ላይ የተመሠረተ ፈቃድ አለ፤ የዛሬው ቄራ መስፈርቱን ያሟላል ወይ በሚለው ግን ዑለማእ ተለያይተዋል። ከመሄዳችሁ በፊት የምታምኗቸውን ኡስታዝ ጠይቃችሁ አቋማችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ምግብ ቤት ውስጥ፣ በረሃብ ሰዓት ፈትዋ መፈለግ አይመችም።

ሦስተኛ፣ የባሕር ሩዞች። ለአብዛኞቻችን ሰፊው በር ይህ ነው። «አሮስ አ ባንዳ» የዓሣ አጥማጆች ምግብ ነው፤ ሩዙ በዓሣ መረቅ ይበስላል፣ ዓሣው ለብቻው ይቀርባል። «አሮስ ኔግሮ» በስኩዊድ ቀለም የጠቆረ ነው፤ መልኩ ቢያስፈራም ጣዕሙ ግሩም ነው። «አሮስ ዴል ሴኞሬት» ማለት «የጌታው ሩዝ» ነው፤ ሽሪምፑና ዛጎሉ ሁሉ ተልጦ ስለሚገባ እጅ ሳይነካ ይበላል። ሙርሲያ ክልል፣ በማር ሜኖር ዳርቻ ደግሞ «ካልዴሮ» አለ፤ ዓሣ አጥማጆች በብረት ድስት፣ በዓሣና በደረቅ ቀይ ቃሪያ የሚሠሩት ሲሆን በነጭ ሽንኩርትና በዘይት ከተመታ ማባያ ጋር ይቀርባል።

እዚህ ላይ መዝሀብ ይለያያል። በሻፊዒይ መዝሀብ ከውኃ ውጭ የማይኖሩ የባሕር እንስሳት በጥቅሉ ይፈቀዳሉ። በሐነፊይ መዝሀብ የሚፈቀደው ዓሣ ብቻ ነው፤ ስኩዊድና ዛጎል አይፈቀዱም፣ በሽሪምፕ ላይ ልዩነት አለ። በአገራችን ሁለቱም መዝሀቦች ስላሉ አብራችሁ የምትጓዙ ወንድሞች በአንድ ገበታ ላይ ብትለያዩ አትገረሙ፤ አንዱም ሌላውን አይውቀስ።

እንዴት እንጠይቅ?

የተደበቀው ነገር የሚገኘው መረቁ ውስጥ ነው። የባሕር ሩዝ ሲቁላላ ነጭ ወይን ወይም ብራንዲ የሚጨምሩ አሉ። «የአትክልት ፓኤያ» በሥጋ መረቅ ሊሠራ ይችላል። «ሥጋ አልበላም» ብትሉ ደግሞ ቁርጥራጭ «ሃሞን» (የደረቀ የአሳማ እግር) እንደ ሥጋ ሳይቆጠር ሊቀርብላችሁ ይችላል። ስለዚህ በስሙ ጠርታችሁ ጠይቁ፦

«ዬባ ሴርዶ ኦ ሃሞን?» (አሳማ ወይም ሃሞን አለበት?)
«ዬባ ቢኖ ኦ አልኮል?» (ወይን ወይም አልኮል አለበት?)
«ዴ ኬ ኤስ ኤል ካልዶ?» (መረቁ ከምንድን ነው?)
«አሰን አሮስ ፓራ ኡና ፔርሶና?» (ለአንድ ሰው ሩዝ ትሠራላችሁ?)

በፈገግታና በ«ፖር ፋቦር» የተጠየቀ አስተናጋጅ ብዙውን ጊዜ ወጥ ቤት ገብቶ ጠይቆ ይመለሳል። መልሱ ካላረካችሁ አመስግናችሁ መነሣት ነውር የለውም።

ብቻችንን ስንሆንስ?

መጀመሪያ፣ ሰዓቱን እወቁ። ሩዝ የምሳ ምግብ ነው፤ ምሳቸውም በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ይጀምራል። በበጋ ዙህር የሚገባውም በዚያው አካባቢ ነው። ሰግዶ መሄድ ይቻላል፤ ግን ወጥ ቤቱ ሳይዘጋ ድረሱ።

ሁለተኛ፣ በሥራ ቀናት «ሜኑ ዴል ዲያ» ይፈልጉ። በአንድ ዋጋ የመጀመሪያ ምግብ፣ ሁለተኛ ምግብ፣ ዳቦ፣ መጠጥና ጣፋጭ የሚያካትት ምሳ ነው፤ ሩዝ ሲኖርበት በሳህን ለአንድ ሰው ይቀርባል። በማድሪድና በባርሴሎና ብዙ ቤቶች ሐሙስ ቀን ፓኤያ ያወጣሉ። መጠጡ ወይን ሊሆን ስለሚችል አስቀድማችሁ «አጉዋ» (ውኃ) በሉ።

ሦስተኛ፣ ዋጋውን በደንብ አንብቡ። ከሩዙ አጠገብ የተጻፈው ብዙውን ጊዜ የአንድ ሰው ዋጋ ነው፤ «ቢያንስ ለሁለት» የሚለውን ብቻችሁን ካዘዛችሁ እጥፉን ትከፍላላችሁ። በር ላይ ባለ ቀለም ፎቶ የተደረደረበትና ወዲያው የሚቀርብ የአንድ ሰው ፓኤያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በረዶ ሆኖ የመጣ የፋብሪካ ምግብ ነው።

አራተኛ፣ ራሳችሁ ሥሩት። በማድሪድ ላቫፒየስ፣ በባርሴሎና ራቫል፣ በቫሌንሲያ ሩሳፋ ሰፈሮች ሐላል ሥጋ ቤት አይጠፋም። ለአንድ ሰው 100 ግራም «ቦምባ» የተባለውን ሩዝ ያዙ፤ ብዙ መረቅ ጠጥቶ የማይፈርስ ነው። ዶሮውን በወይራ ዘይት እስኪቀላ ጠብሱ፤ ፎሶሊያ፣ ከዚያ የተፈጨ ቲማቲም፣ ቀጥሎ የማያቃጥል ቀይ የበርበሬ ዱቄት ጨምሩ። ሳያር ወዲያው ውኃ አድርጉበትና ግማሽ ሰዓት ያህል ይንተክተክ። 300 ሚሊ ሊትር ያህል መረቅ ሲቀር ጨውና ጥቂት ዛዕፈራን፣ ከዚያም ሩዙን በትኑበት። 10 ደቂቃ በኃይለኛ፣ 8 ደቂቃ በለሰለሰ እሳት፤ አታማስሉት። ሥሩ መንጣጣት ሲጀምር አውርዱና 5 ደቂቃ ይረፍ።

አምስተኛውና የምንወደው መንገድ ሁለተኛውን ሰው መፈለግ ነው። ከሶላት በኋላ መስጂድ በር ላይ ሰላምታ የሰጣችሁ ሞሮኳዊ ወይም ሴኔጋላዊ ተማሪ፣ የማደሪያ ጎረቤታችሁ፣ የክፍል ጓደኛችሁም ሊሆን ይችላል። «ሩዝ መብላት ፈልጌ ነበር፣ ለሁለት ሰው ነው የሚሠሩት» ማለት በባዕድ አገር ወዳጅነት ለመጀመር በቂ ምክንያት ነው። ተሰብስቦ በመብላት በረካ እንዳለ የተማርን ሰዎች ነን። በዝርዝሩ ግርጌ ያለችው ያቺ ትንሽ ጽሑፍ ይህንኑ ካስታወሰችን፣ እንቅፋት ብቻ አይደለችም ማለት ነው።

አላህ መንገዳችሁን ያቅናላችሁ፣ ሲሳያችሁንም ሐላል ያድርግላችሁ። ወላሁ አዕለም።