የጎራዴ አመጣጥ የሚታወቅበት ምልክትና በቤት ውስጥ አያያዙ

ከአባቶች የተወረሰ ጎራዴ ከጋሻና ከጦር ጋራ በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚታይበት የኢትዮጵያ ቤት ጥቂት አይደለም። እንዲህ ያለውን መሣሪያ ለይቶ ለማወቅ የሚሻ ሰው ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚመለከተው ስለቱን ነው፤ ነገር ግን ስለት ብቻውን ያሳስታል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ፣ ዞሊንገን በምትባለው የጀርመን ከተማ የተሠራ የጎራዴ ስለት ወደ ኢትዮጵያ ይገባ ነበር፤ በአንዳንዱም ላይ የአንበሳ ምስልና በአማርኛ የተቀረጸ ጽሕፈት ይገኛል። ስለዚህ የአገሩ ባለሙያ እጅ ይበልጥ የሚታወቀው ከቀንድ በተጠረበው እጀታና ከቆዳ በተሰፋው አፎት ነው።

ሾተል ግን በቅርጹ ይለያል፤ ይኸውም እንደ ማጭድ የጎበጠና በሁለት ወገን የተሳለ በመሆኑ ከባላጋራ ጋሻ ጀርባ ዘልቆ ለመውጋት ያስችል ነበር።

በቤት የሚያኖረው ሰው ዝገት አስለቅቃለሁ ሲል ስለቱን በአሸዋ ቢፈትገው ጽሕፈቱን ያጠፋዋል። ቆዳ ርጥበት ስለሚይዝ ስለቱን ከአፎቱ አውጥቶ ማስቀመጥ ይበጃል፤ ሆኖም ሁለቱ ተለያይተው እንዳይጠፉ አጠገብ ለአጠገብ ሊቀመጡ ይገባል። አፎቱና ጋሻውም ከፀሓይና ከጭስ መራቅ አለባቸው።

ከሁሉ በላይ ግን መሣሪያውን ማን እንደ ታጠቀውና ከየት እንደ መጣ፣ የሚያውቁት ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ጠይቆ መጻፍ ያስፈልጋል። ይህ ከብረቱም ሆነ ከቆዳው ላይ አይነበብምና።