ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን አንጎል በኤም አር አይ ሲታይ

የልጅ ልጃችሁ ያለ ወሩ ተወልዶ ፓጊያ የገባባችሁ አላችሁ። ሐኪሞቹ «አንጎሉን በኤም አር አይ እናንሳው» ሲሉ ብዙ አያቶች ይደነግጣሉ፤ ጭንቅላቱን ሊነካኩት ነው ወይ? ይላሉ። አይነካኩትም።

ያለ ጊዜው ተወለደ የሚባለው 37 ሳምንት ሳይሞላው የተወለደ ነው። በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት ለስላሳ የነበረው የአንጎል ገጽ ይታጠፋል፤ የአንጎልን ክፍሎች የሚያገናኙት የነርቭ ክሮችም በፍጥነት ያድጋሉ። ቀድሞ የመጣው ሕፃን ይህን ሥራ የሚጨርሰው ከማህፀን ውጭ፣ በመብራትና በመሣሪያ ጩኸት መሐል ነው።

ፓጊያ ውስጥ የተለመደው በእርግብግቢቱ በኩል የሚነሳው አልትራሳውንድ ነው። ክሮቹን ለማየት ግን ኤም አር አይ ያስፈልጋል። እሱ የሚሠራው በትልቅ ማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ ስለሆነ እንደ ራጅ ጨረር የለውም። ብልሃቱ ውሃው ላይ ነው። አንጎል ውስጥ ያለው ውሃ በክሩ ርዝመት በቀላሉ ይሄዳል፣ ክሩን ለማቋረጥ ግን ይቸገራል። መሣሪያው ውሃው ወዴት እንደሚያደላ ለክቶ የክሮቹን መንገድ ይሥላል፤ የውሃውን አካሄድ አይቶ ቦዩ የት እንዳለ እንደማወቅ ነው። ሕፃኑም ብዙ ጊዜ ማደንዘዣ አያስፈልገውም። ጠብቶ፣ ተጠቅልሎ፣ ጆሮው ተሸፍኖለት እንቅልፉን ይተኛል። መሣሪያው በጣም ይጮኻላ! ብረት ስለማይገባም ጌጥ ካደረገ ይወለቅለታል።

የለንደኖቹ ኪንግስ ኮሌጅና ኢምፔሪያል ኮሌጅ ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው በመቶዎች የሚቆጠሩ ሕፃናትን እንዲህ አንስተዋል። ከእንደዚህ ያሉ ጥናቶች የታየው፣ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱት ይወለዱበታል የተባለው ቀን ሲደርስ ቢነሱ፣ አንዳንዶቹ ግንኙነቶች በአማካይ ደከም ብለው መገኘታቸው ነው። «በአማካይ» የሚለውን ቃል ልብ በሉ። ፎቶው ብቻውን የእናንተ ልጅ በትምህርት ይደክማል ወይም ይጎብዛል ብሎ አይናገርም። ይህ የሚታወቀው በክትትል ነው፤ ስለዚህ የጢፓት ሐላብ ቀጠሮ አይቅር። ሁለት ወር ቀድሞ የተወለደ የስምንት ወር ሕፃን እድገቱ የሚለካው እንደ ስድስት ወር ልጅ ነው፣ እስከ 2 ዓመቱ ገደማ። ከጎረቤት ልጅ ጋር አታወዳድሩት።

ወላጆቹ ፈርሙ ሲባሉ፣ «ለሕክምናው ነው ወይስ ለጥናት?» ብለው ይጠይቁ። ለጥናት ከሆነ የሄልሲንኪ ኮሚቴ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ እምቢ ማለትም መብታቸው ነው፣ በዚህ ምክንያት የሕፃኑ ሕክምና አይጓደልም። ወረቀቱ በዕብራይስጥ ሆኖ ካልገባቸው፣ በአማርኛ ሳይብራራላቸው አይፈርሙ።